ክንፍ አልባው ፌንጣ አገሩ የት ነው?

መስከረም መጨረሻ ላይ ከአዳማ ወጣ ብለን ወደ ቦሰት ተራራ ግርጌ ሄደን ነበር። ዝናቡ ቆም ብሏል፤ ሳሩ ግን ገና አልደረቀም። አንድ ድንጋይ ላይ አፈር የምትመስል፣ ወፈር ያለች ፌንጣ ተቀምጣለች። ስጠጋት ዘለለች፤ አልበረረችም። አንድ ሜትር ያህል ርቃ አረፈች። ደግሜ ተጠጋኋት፤ ደግማ ዘለለች። አሁንም አልበረረችም። ዝቅ ብዬ ጀርባዋን አየሁት። ክንፍ ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ የሩዝ ፍሬ የማያክሉ ሁለት ቁራጮች ብቻ አሉ።

«ገና ጨቅላ ናት፤ ክንፏ አልወጣም» አልኩ።

አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ባዮሎጂ ያስተምራል። ቀስ ብሎ ያዛትና ቁራጮቹን በጥፍሩ ጫፍ እያሳየኝ፣ «የለም፣ አድጋ ጨርሳለች። ክንፏ በቃ ይኼው ነው» አለኝ።

አዳማ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። በልጅነቱ ፌንጣ ያላሳደደ የሰፈር ልጅ አላውቅም። አድጎም የማይበር ፌንጣ እንዳለ ግን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ፣ ጓደኛዬንም ስጨቀጭቅ ከረምኩ። አንድ ነገር ግን ሆዴን በላው። አገራችን የሚበረውን ፌንጣ በየቀኑ በካርታ ትከታተላለች። የማይበረው የት የት እንደሚኖር የሚያሳይ ካርታ ግን አብዛኛው ባዶ ነው። ባዶ የሆነው ደግሞ ሄዶ የፈለገ ሰው ስለሌለ ነው።

የሚበረውንማ ማን ይረሳዋል? እ.ኤ.አ. በ2019 አጋማሽ ከየመንና ከሶማሊያ በኩል የገባው የበረሃ አንበጣ በ25 ዓመት ውስጥ ያልታየ ወረራ ነበር። አውሮፕላን ተነሳ። ገበሬው ቆርቆሮ እየመታ፣ ጅራፍ እያጮኸ ማሳው ላይ ዋለ። የአንበጣ መንጋ ነፋስ ከቀናው በቀን 150 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ የት አደረ፣ ነገ ወዴት ይነሳል የሚለው ጥያቄ የዳቦ ጥያቄ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ለዚህ ብቻ የሚሠራ የጋራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1962 ማቋቋማቸው ልክ ነው። ሰው የሚራበው በዚህ ነውና ቅድሚያ ማግኘቱ አያስከፋም። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ዝምታ ነው።

ጨቅላ ናት ወይስ አዋቂ?

ምደባው የሚጀምረው እኔ ከተሳሳትኩበት ቦታ ነው። ፌንጣ እንደ ቢራቢሮ ትል ሆኖ አይጀምርም። ከእንቁላል ሲወጣ ትንሽ ፌንጣ ሆኖ ነው የሚወጣው። ከዚያ ቆዳውን እየጣለ ያድጋል፤ ብዙዎቹ አምስት ስድስት ጊዜ ይጥላሉ። ሙሉ ክንፍ የሚያወጣው በመጨረሻው ላይ ነው። አባቶቻችን ክንፍ ያላወጣውን አንበጣ ኩብኩባ ብለው ለብቻው ስም የሰጡት ይህን አይተው ነው።

እንግዲህ አጭር ክንፍ ያለው ፌንጣ ካገኘን ወይ ገና አላደገም፣ ወይ አድጎ ጨርሶ የማይበር ሆኗል። ይህን ሳይለዩ መመዝገብ ካርታውን ያበላሸዋል። የሚበር ዝርያ ጨቅላ «ክንፍ አልባ» ተብሎ ይጻፋል፤ እውነተኛው ክንፍ አልባ ደግሞ «ጨቅላ ነው» ተብሎ ይጣላል። ሁለተኛው ስህተት ይብሳል ባይ ነኝ። የተጣለው አይመለስም።

መለያው ቀላል ነው፤ የፌንጣን ክንፍ ቀረብ ብሎ ማየት ብቻ ይጠይቃል። በመጨረሻዎቹ የጨቅላነት ደረጃዎች ላይ የክንፉ ቡቃያ የተገለበጠ ነው። የኋላ ክንፉ ከላይ ይሆናል፣ የፊቱ ከሥር። አዋቂ ሲሆን ይገላበጥና የፊት ክንፉ ከላይ ሆኖ የኋላውን ይሸፍነዋል። ክንፉ የቱንም ያህል ቢያጥር ይህ ሥርዓት አይለወጥም። የቦሰቷ ፌንጣ ቁራጮች የፊተኛው ከላይ ነበር። ጓደኛዬ በአንድ እይታ የፈረደው በዚህ ነው።

ጭራሹን ክንፍ በሌላቸው ላይ ይህ ዘዴ አይሠራም። እዚያ የሚታየው የሆድ ጫፍ ነው፤ የመራቢያ አካላቸው ጠንክሮ የመጨረሻ ቅርጹን ይዟል ወይስ ገና ለስላሳ ነው? ቀለምን ግን ማመን አይገባም። አንድ ዝርያ በአንድ ሜዳ ላይ አንዱ አረንጓዴ፣ ሌላው ቡኒ ሆኖ ይገኛል። ሴቷም ከወንዱ እጥፍ ልትገዝፍ ትችላለች። ለማያውቅ ሰው አንድ ባልና ሚስት ሁለት ዝርያ ይመስሉታል።

ክንፍ ማጣት ዘመድ አያደርግም

ቶሎ መታረም ያለበት አንድ ስህተት አለ። «የማይበሩ ፌንጣዎች» የሚባል አንድ ቤተሰብ የለም። ክንፍ ማጣት በተለያዩ ጎሳዎች ውስጥ፣ በተለያየ ዘመን፣ ደጋግሞ የደረሰ ነገር ነው። የሌሊት ወፍና ርግብ ስለበረሩ ዘመድ እንደማይሆኑ ሁሉ፣ ሁለት ፌንጣዎችም ስላልበረሩ ዘመድ አይሆኑም።

ፌንጣና ዘመዶቹን የያዘው ክፍለ መደብ በዓለም ላይ ከ29 ሺህ በላይ ስም የወጣላቸው ዝርያዎች አሉት። ትልቁ መለያ መስመር አንቴናቸው ላይ ነው። አንደኛው ወገን አጭርና ጠንካራ አንቴና አለው፤ አንበጣና አብዛኛው የቀን ፌንጣ እዚህ ነው። ሌላው ወገን ከሰውነቱ የሚረዝም፣ እንደ ክር የቀጠነ አንቴና አለው። ማታ ማታ ሣር ውስጥ የሚጮኹት ብዙዎቹ ከዚህ ወገን ናቸው። ጆሯቸውም ይለያያል። ባለ አጭር አንቴናው ጆሮው ሆዱ ጎን ላይ ነው። ባለ ረጅሙ የፊት እግሩ ላይ፣ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ ነው። እኔ ይህን ሳውቅ ለብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም።

በአጭር አንቴና ወገን ውስጥ እንደ ሌንቱሊዳ ያሉ ቤተሰቦች አሉ። መኖሪያቸው ምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ ነው፣ ክንፍ የላቸውም፣ ሆዳቸው ጎን ላይ ያለውን ጆሮም አጥተዋል። ቴሪክሊዳ የሚባሉት ደግሞ ቁጥቋጦ ላይ ይኖራሉ። አንቴናቸው በጣም አጭር ነው። ሲያርፉ የኋላ እግራቸውን ወደ ጎን ዘርግተው ስለሚቀመጡ ከሩቅ ይለያሉ። እነዚህንና ሌሎቹን አንድ ላይ ጠቅልሎ «ክንፍ አልባ» ብሎ አንድ ቀለም በካርታ ላይ መቀባት ምንም አይነግረንም። መጀመሪያ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ ይለይ፣ ነጥቡ ከዚያ ይቀመጥ።

ስም ማሳሳት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል የአንበጣ ታሪክ ራሱ ያሳያል። ለረጅም ጊዜ መንጋ ሠርቶ የሚጓዘው አንበጣ አንድ ዝርያ፣ ብቻውን የሚኖረው ጸጥተኛ ፌንጣ ሌላ ዝርያ ተብለው ሁለት ስም ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1921 ቦሪስ ኡቫሮቭ የተባለው የነፍሳት ተመራማሪ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን አሳየ። አንዱ ዝርያ ሲጨናነቅ ቀለሙም ጠባዩም ይለወጣል እንጂ ሌላ ፍጥረት አይደለም። መንጋ ከመነሳቱ በፊት የት መፈለግ እንዳለበት የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ኡቫሮቭን አስታውሱት፤ ወደ እኛ ተራሮች ይመለሳል።

ደገዛ

ለእኛ ከሁሉም የሚቀርበው ምሳሌ ግን ደገዛ ነው።

የወሎና የሰሜን ሸዋ የጤፍ ገበሬ ደገዛን ማንም ሳያስተዋውቀው ያውቀዋል። ባለ ረጅም አንቴና ነው። ክንፉ አጭር ነው፤ አይበርም። በመካከለኛውና በሰሜናዊው ደጋችን ይኖራል፣ ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም። ጤፍ ፍሬ ሲይዝ ራሱ ላይ ወጥቶ ይበላዋል። የደከሙበትን እህል ሊሰበስቡ ጥቂት ሳምንት ሲቀራቸው ነው የሚመጣባቸው። ይህ ክፉ ጊዜ ነው።

ይህ ፍጥረት ሳይንሳዊ ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ዴቪድ ራግ የተባለ የብሪታንያ ተመራማሪ ዴክቲኮይደስ ብሬቪፔኒስ አለው። ሁለተኛው ቃል «አጭር ክንፍ» ማለት ነው። ራግ ሲጽፍለት የእህል አዲስ ተባይ ብሎ ነው ያስተዋወቀው። ልብ በሉ፤ ማሳ ካበላሸ በኋላ ነው ስም የተፈለገለት። የጤፍ ተባይ ባይሆን ኖሮ ዛሬም ስም የለሽ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። ተባይ ያልሆኑት፣ በየተራራው ሣር እየጋጡ በሰላም የሚኖሩት ዘመዶቹስ? እነሱን ማን ይፈልጋቸዋል? እኔን ያስነሳኝ ይህ ጥያቄ ነው።

ደገዛ ስለ ስርጭት አንድ ነገር ያስተምራል። የበረሃ አንበጣ ከየመን ይመጣል። ደገዛ ከየትም አይመጣም። እዚያው አፈር ውስጥ በእንቁላልነት ከርሞ እዚያው ይፈለፈላል። የእሱን ካርታ የያዘ ሰው ትንበያ አያስፈልገውም ማለት ይቻላል፤ ዘንድሮ ያለበት ቦታ ለከርሞውም ዋነኛው መጠርጠሪያ ነው። የማይበር ተባይን መከላከል በዚህ ረገድ ቀላል ነው፤ ካርታው ካለ።

ለምን ክንፉን ይተዋል?

ክንፍ ነጻ አይደለም። ክንፉን፣ በተለይም የሚያንቀሳቅሰውን ጡንቻ፣ ለመገንባትና ለመጠበቅ ምግብ ይጠይቃል። አንዳንድ ዝርያዎች ረጅም ክንፍም አጭር ክንፍም ያላቸውን ይወልዳሉ። እነሱ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ባለ አጭር ክንፎቹ ሴቶች እንቁላል ቀድመው ሲጥሉ፣ ብዛቱንም ከፍ ሲያደርጉ ታይቷል። ለመብረር የሚሄደው ስንቅ ወደ እንቁላል ዞረ ማለት ነው።

ስለዚህ ጥያቄው መጓዝ ያስፈልጋል ወይ የሚል ይሆናል። በረሃ ላይ ዝናብ ዛሬ እዚህ፣ ከወር በኋላ 300 ኪሎ ሜትር ርቆ ሊጥል ይችላል። እዚያ ክንፍ የሌለው ያልቃል። ደጋ ተራራ ላይ ግን ሣሩ በየዓመቱ በወቅቱ ይበቅላል። ምግቡ እግሩ ሥር ያለ ፌንጣ ወዴት ይሂድ?

የነፋስ ነገርም አለ። ቻርልስ ዳርዊን በማዴይራ ደሴት ከሚኖሩ 550 የጢንዚዛ ዝርያዎች 200 ያህሉ መብረር እንደማይችሉ ጽፏል። ሲበሩ ነፋስ ወደ ባሕር እየወሰዳቸው ያልበረሩት ተረፉ ብሎ ገመተ። ብዙዎች አልተቀበሉትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በደቡባዊው ውቅያኖስ ደሴቶች ነፍሳት ላይ የወጣ ጥናት ግን ነፋስ ድርሻ እንዳለው አሳይቷል። አዳማ ለምንኖር ሰዎች ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። ከከተማችን አናት ላይ ያሉት ሁለት የነፋስ ማመንጫዎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት በዚሁ ነፋስ ነው። ገላጣ ተራራ ጫፍ ላይ የሚኖር ነፍሳት ወደ ቆላ መወሰድ ማለት ለእሱ ወደ ባሕር መወሰድ ነው።

አንዳንዶቹ ክንፋቸውን ሙሉ ለሙሉ አልጣሉትም። ብዙ ባለ ረጅም አንቴና ወንዶች የቀረቻቸውን ቁራጭ ክንፍ እርስ በርስ እያፋጩ ይዘፍኑባታል። መብረሪያነቷ ቀርቷል፤ ሴት መጥሪያነቷ ግን አለ።

የእግር መንገድ

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ መጣን። አንድ የማይበር ፌንጣ በሕይወቱ ምን ያህል ይርቃል? በፈረንሳይ አልፕስ የሚኖር ፖዲስማ ፔደስትሪስ የሚባል ክንፍ አልባ ፌንጣ ለረጅም ዓመታት ተጠንቷል። የአንድ ትውልድ ጉዞው በአማካይ 20 ሜትር ገደማ ነው። ብዙዎቹ የደጋ ዝርያዎች በዓመት አንድ ትውልድ ብቻ አላቸው። እንግዲህ አስሉት። በዚህ ፍጥነት በቀጥታ መስመር ቢጓዝ እንኳ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 50 ዓመት ይፈጅበታል። በቀጥታ ደግሞ አይሄድም፤ ወዲያና ወዲህ ይላል።

ጎረቤት ተራሮች ላይ ያሉ ፌንጣዎች ለብዙ ሺህ ዓመታት ሳይገናኙ የሚቀሩት ለዚህ ነው። ሳይገናኙ ሲቀሩ ይለያያሉ። ልዩነቱ መጀመሪያ የሚወጣው በመልክ ላይ አይደለም፤ በወንዱ የመራቢያ አካል ቅርጽ ላይ ነው። ከውጭ መንታ የሚመስሉ ሁለት ፌንጣዎች በዚያ ክፍል የሁለት የተለያዩ በሮች ቁልፍ እስኪመስሉ ይለያያሉ። መዳቢዎች ማይክሮስኮፕ ሥር የሚያዩት ይህን ነው። ሴት ብቻ የተሰበሰበችበት ናሙና ብዙ ጊዜ ስም ሳያገኝ የሚቀረውም ለዚህ ነው።

ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ይህ በደንብ ታይቷል። ፓራስፌና የሚባል የማይበር ፌንጣ ወገን አለ። የኬንያ ተራራ የራሱ ዝርያ አለው፣ ኤልጎን የራሱ፣ ሜሩም የራሱ። ክላውዲያ ሄምፕ የተባለች ተመራማሪ ኪሊማንጃሮንና የአካባቢውን ተራሮች ለዓመታት እየወጣች ብዙ አዳዲስ የማይበሩ ዝርያዎችን አግኝታለች። አንድ ሰው ተራራ ላይ ተግቶ ሲፈልግ ዝርዝሩ እንዲህ ይረዝማል። የእኛ ተራሮች ከዚያ የሚያንሱበት ምክንያት አይታየኝም። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው የአፍሪካ መሬት አብዛኛው እኮ እኛ ጋ ነው።

በዘረመል መለየትስ? አሁን ከአንድ እግር ላይ ቁራጭ ወስዶ 650 ፊደል ያህል ርዝመት ያለው አጭር የዘረመል ክፍል ማንበብ ይቻላል። ጠቃሚ ነው፤ ሴትን ከወንድ፣ ጨቅላን ከአዋቂ ለማዛመድ ሁነኛ ዘዴ ነው። ፌንጣ ላይ ግን ወጥመድ አለው። የዘረመል ክምችታቸው እጅግ ትልቅ ነው፤ የበረሃ አንበጣ ከሰው ሦስት እጥፍ የሚጠጋ አለው። በዚያ ውስጥ የዚያው ክፍል አሮጌ፣ ሥራ ያቆሙ ቅጂዎች ተበታትነው ይገኛሉ። ማሽኑ አሮጌውን ቅጂ ካነበበ አንዱን ዝርያ ብዙ አድርጎ ይቆጥራል። ስለዚህ ማሽኑ ብቻውን አይፈርድም። በመርፌ የተሰካ ናሙናና የሚያውቅ ዓይን አሁንም ያስፈልጋሉ።

ከአዳማ የሚታየው

አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ፣ ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ናት። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን በደቡብ በኩል ከአሰላ በላይ ጭላሎ ይታያል፤ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። በምዕራብ ዝቋላ ብቻውን ቆሟል፤ 2,989 ሜትር ነው። ቦሰት ደግሞ ደጃፋችን ላይ ነው። ለደጋ ፌንጣ እነዚህ ተራሮች ደሴቶች ናቸው። እኛ የምንኖርበት ሞቃት ሸለቆ ደግሞ ባሕሩ ነው።

ስምጥ ሸለቆው እንስሳትን እንደሚለያይ ከትልልቆቹ እናውቃለን። የደጋ አጋዘን ከሸለቆው በስተምሥራቅ፣ በአርሲና በባሌ በኩል ብቻ ይገኛል። ጭላዳ ዝንጀሮ ዋና አገሩ ሰሜን ነው። አርሲ ውስጥ ግን ተነጥሎ የቀረ ጭላዳ አለ። አንድ ዘመን ላይ መሻገሪያ ነበረ ማለት ነው። በበረዶ ዘመን የባሌና የአርሲ ተራሮች አናት የበረዶ ግግር ነበረበት። ያኔ ብርዱ ሲወርድ የደጋው ሣር ወደ ታች ይወርዳል፣ ሲሞቅ ተመልሶ ይወጣል። ፌንጣውም ሣሩን ተከትሎ በእግሩ ይወርዳል፣ ይወጣል። ሲወርድ ከጎረቤት ተራራ ዘመዱ ጋር ሊገናኝ ይችላል። ሲወጣ ይለያያል።

ጭላዳ መሻገሩን ብቻ ነው የሚነግረን። ፌንጣ ግን የት የት እንደቆመ ሊነግረን ይችላል። የዝቋላው ከጭላሎው ጋር አንድ ዝርያ ከሆነ ሸለቆው በቅርብ ዘመን ክፍት ነበር። ከተለያዩ ደግሞ ልዩነቱ ምን ያህል ዘመን እንደተዘጋ ይናገራል። ይህን ከአዳማ ሆኖ መጠየቅ ከየትም ይቀላል። ጠዋት ባስ ተሳፍሮ ከሁለቱ ወደ አንዱ መድረስ ይቻላል።

ዝቋላን ለይቼ የማነሳበት ሌላም ምክንያት አለ። አናቱ ላይ ሐይቅ አለ፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳምም አለ። ደኑ ለዘመናት የቆየው በገዳሙ ጥበቃ ነው። ዙሪያው ታርሶ የእሱ መቅረቱ ለነፍሳትም መጠጊያ ይሆናል።

እዚያ ለመፈለግ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1926 እና በ1927 ሂዩ ስኮትና ኦመር ኩፐር የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ኢትዮጵያ ውስጥ ነፍሳት ሲሰበስቡ ነበር። ዝቋላም ጭላሎም ላይ ወጥተዋል። የሰበሰቧቸውን ፌንጣዎች መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1934 ያሳተመው ያው ኡቫሮቭ ነው። መቶ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ዛሬም ስለ እነዚህ ተራሮች ፌንጣ የሚጽፍ ሰው መነሻው እነዚያ ናሙናዎች ናቸው፤ ናሙናዎቹ ያሉት ደግሞ ለንደን ነው።

ነጥብ ማስቀመጥ

የስርጭት ካርታ ሲታይ ቀላል ይመስላል። የተገኘበት ቦታ ላይ ነጥብ ይደረጋል፣ በቃ። ሲሠሩት ግን እያንዳንዱ ነጥብ ክርክር ነው።

የድሮ ናሙና መለያ ወረቀት ላይ የቦታ ስምና ወር ብቻ ይኖራል። የቦታው ስም በእንግዳ ጆሮ የተሰማ ነው፤ አጻጻፉ አንዱ ከሌላው አይገጥምም። «ጭላሎ፣ ደን» ቢል ጭላሎ ሰፊ ነው። የትኛው ጎን? ስንት ሜትር ላይ? ለሚበር ነፍሳት የአምስት ኪሎ ሜትር ስህተት ምንም ላይሆን ይችላል። በትውልድ 20 ሜትር ለሚሄድ ግን አምስት ኪሎ ሜትር ሌላ አገር ነው።

ሁለተኛው ችግር መንገድ ነው። ሰብሳቢ በመንገድ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የዓለምን መዛግብት የሚሰበስበውን የብዝኃ ሕይወት መረጃ ቋት ካርታ ብትከፍቱ፣ በብዙ አገሮች ላይ ነጥቦቹ የአስፋልትን መስመር ተከትለው ተደርድረው ታያላችሁ። ነጥቡ የሰውን መንገድ እንጂ የፌንጣን ኑሮ አይደለም የሚያሳየው።

ሦስተኛውን ግን ማንም አይናገረውም፤ እኔ ዋናው እሱ ይመስለኛል። ፈልጎ ማጣት አይመዘገብም። አንድ ሰው ጥቅምት ላይ ቦሰት ወጥቶ ሦስት ሰዓት ፈልጎ ምንም ባያገኝ ያ መረጃ ነው። ግን ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ማስታወሻ አይዝም። ስለዚህ ካርታው ላይ «ተፈልጎ የጠፋበት» እና «ማንም ያልሄደበት» አንድ ዓይነት ነጭ ሆነው ይቀራሉ። መቼ፣ ለስንት ሰዓት፣ በስንት ሰው እንደተፈለገ የሚጻፍበት አንድ ዓምድ መዝገቡ ላይ ቢጨመር ብዙ ነገር ይስተካከላል።

ዛሬ ስልክ ያለው ሁሉ መነሻ ሊሆን ይችላል። ስልኩ ቦታውን በሜትሮች ልዩነት ያውቃል። ፎቶው ግን ከላይ ብቻ ከሆነ አይረዳም። ከጎን ተነስቶ ክንፉና ደረቱ ይታይ፣ ከፊት ተነስቶ አንቴናው ይታይ፣ የሆዱ ጫፍም ቀረብ ተብሎ ይነሳ። ምን ተክል ላይ እንደነበረ ይጻፍ። የባዮሎጂ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው መስከረምና ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜ ቢወጡ አንድ ዓመት ሳይሞላ ለአዳማ ዙሪያ እስካሁን ያልነበረ ካርታ ይኖረናል። ይህን ስል እያጋነንኩ አይደለም። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ከእኛ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ከተማችን ውስጥ አለ። ሰውም ዕውቀትም አለ።

ምን ይጠፋል?

የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አደጋ ላይ ያሉ ዝርያዎችን የሚመዝንበት ዘዴ አለው። ካርታው ላይ እያንዳንዳቸው አራት ካሬ ኪሎ ሜትር የሆኑ ካሬዎች ይሰመሩና ዝርያው የተገኘባቸው ይቆጠራሉ። ድምሩ ከ10 ካሬ ኪሎ ሜትር ካነሰ፣ መኖሪያውም እየተጎዳና እየተቆራረጠ ከሆነ፣ ዝርያው በመጨረሻው የአደጋ እርከን ላይ ይመደባል። ዝቋላ አናት ላይ ብቻ የሚኖር ፌንጣ ቢኖር ስንት ካሬ ይሞላል? ሁለት ቢሆን ስምንት ካሬ ኪሎ ሜትር ነው።

አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ2016 ከአንድ ሺህ በላይ የፌንጣና የዘመዶቹን ዝርያዎች በዚህ መልክ መዝነው ከአራት አንዱ አደጋ ላይ መሆኑን አግኝተዋል። በደቡብ ፈረንሳይ ክሮ በሚባል አንድ ሜዳ ላይ ብቻ የሚኖር የማይበር ፌንጣ አለ። ሜዳው እየታረሰ ሲሄድ እሱም ተመናመነ። መብረር ስለማይችል ሌላ ሜዳ አልፈለገም። አሁን በልዩ ጥበቃ ሥር ነው። ጥበቃው የተቻለው የት የት እንዳለ ስለሚያውቁ ነው።

እኛ ጋ ምን ይደርስበታል? የደጋው ግጦሽ ይታረሳል፣ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል። ሙቀት ሲጨምር የቆላው ሣር ወደ ላይ ይወጣል፤ የደጋው ፌንጣም ሽቅብ ይገፋል። ጭላሎ ላይ የሚወጣበት ቦታ አለው። ዝቋላ ላይ ግን ከአናቱ ቀጥሎ ሰማይ ነው። አዲሱ ፈጣን መንገዳችን እ.ኤ.አ. በ2014 ሲከፈት ለእኛ አዲስ አበባን አቀረበልን። ለሚዘል ነፍሳት ግን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ትኩስ አስፋልት ነው።

የኬሚካል ርጭቱም አለ። አንበጣ ሲመጣ መርጨት ግድ ነው፤ ይህን የምከራከር ሰው አይደለሁም። መድኃኒቱ ግን አንበጣን ከደገዛ፣ ደገዛን ከምንም ከማይነካ የተራራ ፌንጣ አይለይም። የሚበረው ቢያልቅ ከሌላ ቦታ በርሮ ይተካል። አንድ ኮረብታ ላይ ብቻ ያለ ክንፍ አልባ ዝርያ በአንድ ቀን ርጭት ቢያልቅ ማን ይተካዋል? ፌንጣን ለይቶ የሚያጠቃ ሜታራይዚየም የሚባል የሻጋታ መድኃኒት አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሶማሊያ ውስጥ በስፋት ተረጭቷል። እሱ ንብን አይጎዳም፤ ክንፍ አልባውን ፌንጣ ግን አይምርም። ስለዚህ የመድኃኒቱን ዓይነት መቀየር ብቻ አይበቃም። አብራሪው «እዚህ አትርጩ» የሚል ካርታ በእጁ መያዝ አለበት። ካርታው ደግሞ የለም።

ብዙ ነውና አያልቅም የሚል ሰው ካለ የሰሜን አሜሪካን አንበጣ ያስብ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፀሐይ የሚጋርድ መንጋ ነበረው። የመጨረሻው በሕይወት የታየው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። መራቢያው የነበሩ የወንዝ ዳር ሸለቆዎች ታረሱ የሚለው ማብራሪያ ሚዛን ይደፋል። እሱ ክንፍ ነበረው።

የቦሰቷን ፌንጣ ጓደኛዬ ፎቶ አንስቶ ለቀቃት። ሴት ስለነበረች ስሟን እስከ ዛሬ አላወቅንም። ወንዱን ማግኘት አለብን። ጥቅምት ላይ ሳሩ ቢጫ ከመሆኑ በፊት እንመለሳለን። ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ መድረስ ይሻላል ይላል ጓደኛዬ፤ ፀሐይ ሳትመታቸው ሰነፍ ናቸውና በእጅ ይያዛሉ። ከዚያ ዝቋላ፣ ከዚያ ጭላሎ። ከሦስቱም ቦታ አንድ አንድ ወንድ ካገኘን ማይክሮስኮፕ ሥር ጎን ለጎን እናስቀምጣቸዋለን። ባናገኝም ስንት ሰዓት እንደፈለግን እንጽፋለን።